ከትርፍ ቤት እስከ አያቴ ቤት

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለአንድ የጥናት ጉባኤ ወደ አየርላንድ ሄጄ ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነ የታሪክ መምህር ቅዳሜና እሑድን ከቤተሰቡ ጋር እንዳሳልፍ ጋበዘኝና ትራሞር ከምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኝ የዕረፍት ቤታቸው ወሰደኝ። የዕረፍት ቤት ስል አንባቢ ቪላ እንዳይታየው አደራ እላለሁ። ሦስት ጠባብ ክፍሎች ያሏት፣ ግድግዳዋ በኖራ የተለቀለቀ፣ የባሕሩ ነፋስ ሲመጣ መስኮቶቿ የሚንቀጫቀጩ አሮጌ የገበሬ ቤት ነበረች። የወዳጄ ቅድመ አያት ያረሱት ማሳ በሽያጭ ወደ ጎረቤት አልፏል፤ ቤቷ ግን ቀርታለች። ከደብሊን፣ ከለንደን፣ አንዷም ከአውስትራሊያ የሚመጡ እኅትና ወንድማማቾች ከነልጆቻቸው ተራ እየገቡ በየዓመቱ ይከርሙባታል። ከምድጃው በላይ በተሰቀለ ደብተር ማን መቼ እንደ መጣ፣ የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የማን ውሻ ምን እንደ ሰበረ ይጻፍበታል።

ማታ ሻይ እየጠጣን ሳለ ወዳጄ «እናንተስ አገር፣ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቤት አለው?» ሲል ጠየቀኝ። «የለም» አልሁት። «ለምን?» ሲለኝ «ድሆች ነን» ብዬ መለስሁለት። እርሱም በጨዋነት ዝም አለ።

ሁለቱም መልሶቼ የችኮላ ነበሩ። የወዳጄ ቅድመ አያት እኮ ከእኔ አያት የበለጠ ሀብታም አልነበሩም። ደግሞም እኔ ራሴ ልጅነቴን ከሞላ ጎደል እያንዳንዱን ክረምት ያሳለፍሁት ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ፣ አያቴ ቤት ነው። ታዲያ የትራሞሯ ቤት ለልጅ ልጅ ስትተርፍ የደብረ ኤልያሷ ቤት ዛሬ የማን እንደሆነች በሙሉ አፌ ለመናገር የማልችለው ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ያንን የችኮላ መልስ ለማረም የተጻፈ ነው። ለማረም ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

መቼም ዋና ከተማችን ራሷ በዕረፍት ቤትነት መጀመሯን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ምኒልክ የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ ለመከላከያ የተመቸ፣ ለኑሮ ግን ብርዱ አጥንት የሚዘልቅ፣ ማገዶው የሚያጥር ተራራ ነው። ስለዚህ ንጉሡና ተከታዮቻቸው ፍልውሃ ለመታጠብ ወደ ፊንፊኔ ሜዳ ይወርዱ፣ ድንኳን ተክለው ይሰነብቱና ተመልሰው ይወጡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ (ያን ጊዜ ገና እቴጌ አልተባሉም) ከፍልውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ተሠራላቸው፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም በዙሪያው ቦታ እየተመሩ ሠፈሩ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ መናገሻው በሙሉ ወረደ፤ የገላ መታጠቢያው ሠፈር የመንግሥት መቀመጫ ሆነ።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። መኳንንቱ ያን ጊዜ የተመሩት ቦታ ከተማው ሲሰፋ ለልጆቻቸው ትልቅ ሀብት ሆኖ ተገኘ። በየራሱ ሠፈር ስም የሚታወቀው ያ ሰፊ ይዞታ እየተሸነሸነ ተከራየ፤ ከገጠር የሚጎርፈው ሕዝብ በሌላ ሰው መሬት ላይ በሌላ ሰው ቤት የሚኖር ተከራይ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የደረሰውን ለመረዳት ይህንን መያዝ ያሻል።

ወደ ዕረፍት ቤቱ እንመለስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው የስደቱን ዘመን የኖሩት ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነበር። የከተማዋ ስም መታጠቢያ ማለት ነው፤ ሮማውያን ሳይቀሩ የታጠቡባት የፍልውሃ ከተማ ናት። የፍልውሃው ከተማ ንጉሥ በሌላ የፍልውሃ ከተማ ተሰደዱ ማለት ነው። የኖሩበት ቤት ፌርፊልድ ይባላል። ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን አውለብልበው፣ በእኛው በጎጃም በኩል አልፈው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። በኋላ ቢሾፍቱ ላይ ላሠሩት የዕረፍት ቤት የሰጡት ስም ምን ነበር? ፌርፊልድ። የስደት ቤታቸውን ስም ለዕረፍት ቤታቸው አወጡለት። ዕረፍትን ከስደት ጋር ያገናኘ ሌላ ንጉሥ መኖሩን አላውቅም። የባዙን ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ለአረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡት።

ቢሾፍቱ ብቻም አልነበረም። ለብርዱ ወራት የምጽዋ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ድሬዳዋ ነበረ፤ ሐዋሳ ነበረ፤ በባሕር ዳር ከዓባይ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ የቤዛዊት ቤተ መንግሥት ተሠራ። እስከዚህ ድረስ ሁለተኛ ቤት የንጉሥ ነገር ነው።

ከነጻነት በኋላ ባሉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ግን አንድ አዲስ ሰው ብቅ አለ፤ ደመወዝተኛው። ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ መኮንኑ፣ የባንክ ሠራተኛው። ይህ ሰው እሑድ የምትባል ቀን አለችው፤ የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር አለው። ሶደሬ ይወርዳል፤ አምቦ ይታጠባል፤ ወንዶ ገነት ይሄዳል፤ የላንጋኖን ውሃ ሳይፈራ ይዋኝበታል። ቢሾፍቱ በባቡርም በአስፋልትም ቅርብ ናት። የሚስዮን ድርጅቶችና የውጭ አገር ሰዎች በየሐይቁ ዳር ማረፊያ ሲሠሩ አይቷል፤ ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅም እርሱም አማረው።

የባለቤቴ አባት ከነዚህ አንዱ ነበሩ። በአንድ መሥሪያ ቤት መካከለኛ ጸሐፊ ሆነው፣ በ1961 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ። የሐይቁ ዳር ለእርሳቸው ኪስ አይቀመስም ነበርና ቤታቸው ውሃውን የምታየው በሁለት ግቢዎች መካከል ባለች ክፍተት ነው። ይህንን እየሳቁ ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ። በፋሲካ ማግሥት ቤተሰቡ በሙሉ ከነዶሮ ወጡ በባቡር ይወርዳል፤ ልጆች ሎሚ ይለቅማሉ፤ ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ግቢው ውስጥ ይመላለሳሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ አውልቀው ያየቻቸው ሰው የለችም ትላለች ባለቤቴ፣ ከእናቷ ሰምታ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ፤ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘትን ከለከለ፤ ከአንድ በላይ ያለውንም «ትርፍ ቤት» ብሎ ሰየመው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ።

እዚህ ላይ አንባቢ አዋጁን በሙሉ የምኮንን እንዳይመስለው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ያዩት በደል እውነተኛ በደል ነበር። በአዲስ አበባም ጥቂት ቤተሰቦች የከተማውን መሬት ከፋፍለው ይዘው ሌላው ሕዝብ ተከራይ ሆኖ መኖሩ የማይካድ ነው። አዋጁ የድሃውን ኪራይ ቀነሰ። ዛሬ በቤት ኪራይ የምንጮኸው ሁሉ ቢያንስ የዚያን ጊዜ ተከራይ ለምን እንደ ጨፈረ ለመረዳት አይቸግረንም።

እኔን የሚከነክነኝ ቃሉ ነው። ትርፍ። ምን የተረፈ? ከማን የተረፈ? አዋጁ የቆጠረው ቤት ነው እንጂ ስፋት አልነበረም፤ አገልግሎትም አልነበረም። ሃያ ቤት አከራይቶ የሚኖር ባላባትና ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ጫማውን የሚያወልቅ ጸሐፊ በአንድ ቃል ተጠሩ። የመጀመሪያው ሃያ ቤቱን አጣ፤ ሁለተኛው የሰው ፊት የማያይበትን አንዱን ስፍራ አጣ። በሌላ በኩል፣ የምጽዋውም የቢሾፍቱውም የቤዛዊቱም ቤት ትርፍ አልተባለም፤ ከንጉሡ ወደ ደርግ ተላለፈ እንጂ። ንጉሥ ወረደ፤ የንጉሥ ዕረፍት ግን አልወረደም።

ጋሼ ቁልፉን በሥነ ሥርዓት አስረከቡ። ሁለት ክፍሉ ለሁለት ቤተሰብ ተከፈለ። አዋጁ ለቤቱ ካሣ እንደሚከፈል ይናገራል፤ እርሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ሳንቲም አላዩም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ያለ አግባብ የተወሰዱ ንብረቶች የሚመረመሩበት አዋጅ ቁጥር 110/1987 ሲወጣ ልጆቻቸው ወረቀታቸውን ይዘው አመለከቱ። የተሰጣቸው መልስ ለሕግ ተማሪ በምሳሌነት ሊቀርብ የሚገባው ነው። አዲሱ አዋጅ የሚመለከተው የደርግን አዋጆች በመጣስ የተወሰደን ንብረት ነው። የጋሼ ቤት የተወሰደችው ደግሞ አዋጁን በመጣስ ሳይሆን አዋጁን በማክበር ነው። በሕግ የተቀማ አይመለስም፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተቀማ ይመለሳል! ቢያስለቅሱ ካድሬዎቹ ትንሽ ደንብ ቢጥሱ ኖሮ ዛሬ ቤቷ የእኛ ትሆን ነበር፣ ይላል የባለቤቴ ወንድም፤ ሲል ግን አይስቅም።

ይህ የከተማው ነው። የእኔው የጎጃሙ ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው።

ደብረ ኤልያስ ከዋናው የደብረ ማርቆስ መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ገባ ያለች፣ በስተ ደቡብ ወደ ዓባይ በረሃ የምታይ የስንዴና የጤፍ አገር ናት። የተማረ ሰው የሚያውቃት በቅኔዋ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ዲማና ደብረ ወርቅ ከመሄዳቸው በፊት የተማሩት እዚሁ ነው። ነገሩን ካነሣሁ አይቀር፣ ደብረ ኤልያስ ከጥንትም የሰው አገር ሰው የሚያርፍባት ናት። ቆሎ ተማሪው ከሩቅ መጥቶ ሣር አጭዶ ጎጆውን ይቀልሳል፤ ጨርሶ ሲሄድ ለሚቀጥለው ይተዋታል። ሁለተኛ ቤት ለድሃ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የቅኔ ቤት ጎጆን ማየት ይበቃ ነበር።

በጎጃም የነበረው የመሬት ሥሪት ርስት ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አላን ሆበን በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በደንብ አስረድቶታል። ርስት አንድ የተወሰነ ማሳ አይደለም፤ ከአቅኚው አባት በመወለድ የሚገኝ የመጠየቅ መብት ነው። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ሰው ከአገሩ ወጥቶ ቢቀር መብቱ አይሞትም፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ትውልዱን ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አቁሞ፣ ተሟግቶ ድርሻውን ሊያወጣ ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ማለቂያ የሌለው ሙግት ወልዷል፤ ጉልበትና አፍ ያለው ድሃውን ገፍቶበታል። አያቴም ግማሽ ዕድሜያቸውን በችሎት ደጅ እንዳሳለፉ ይነገራል። ነገር ግን ርስት አንድ የማይናቅ ነገር ነበረው፤ የሄደን ሰው እንደ ሞተ አይቆጥርም።

ጎጃሜ ይህንን ምን ያህል ይሳሳለት እንደነበር በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ ገበሬው መሣሪያ አንሥቶ ሸፈተ። ከግብሩ መጠን ይልቅ የከበደው «መሬቱ ሊለካ ነው፤ የተለካ ርስት ደግሞ ርስት መሆኑ ያቆማል» የሚለው ፍርሃት ነበር። በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ተደርሶ በመጨረሻ ንጉሡ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሡ፤ ውዝፉም ተማረ።

እንግዲህ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ደቡብ በደስታ ሲያብድ ጎጃም ግራ መጋባቱ የሚያስገርም አልነበረም። በጎጃም አብዛኛው አራሽ ባለ ርስት ነበርና «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር ከእርሱ ኑሮ ጋር አልገጠመለትም። አዋጁ ጭሰኝነትን በሻረበት ብዕር ርስትንም ሻረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት የሚገኘው በመወለድ መሆኑ ቀርቶ በቀበሌው ኗሪና አራሽ በመሆን ሆነ።

አባቴ ያን ጊዜ አዲስ አበባ መምህር ነበር። በአንድ ቀን ከባለ ርስት ልጅነት ወደ እንግድነት ተዛወረ፤ ግን አልታወቀውም። አያቴ በሕይወት ነበሩ፤ ቤቱም ነበረ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና እኅቶቼ በአውቶቡስ ተጭነን እንላካለን። ቤቱ መጀመሪያ ክብ የሣር ቤት ነበር፤ በኋላ ቆርቆሮ ለበሰ። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ አያቴ ተረታቸውን ያቆሙና ጋቢያቸውን ተከናንበው እስኪያባራ ይጠብቃሉ፤ ሲያባራ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። እኛ ለዕረፍት የመጣንበት ክረምት ለእነርሱ ወገብ የሚቆረጥበት የአረም ወቅት ነው። ይህንን የተረዳሁት አድጌ ነው። ከጎኔ ጤፍ ያርም የነበረው የአክስቴ ልጅ እኔ ሲደክመኝ ዛፍ ሥር እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ ነበር፤ ለእርሱ አይፈቀድለትም። የከተማ ልጅ ዕረፍት በገጠር ልጅ ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ማስተዋል ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።

በ1989 ዓ.ም. ክልሉ መሬት ሲደለድል አጎቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበር «ቢሮክራት» ተባለ። ቢሮክራት የተባለ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነበት፤ የቀረው ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ። ቢሮክራት የሚለውን ቃል አጎቴ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ትርፍ፣ ፊውዳል፣ ቢሮክራት... በአገራችን ሰው ቤቱንና መሬቱን ከማጣቱ በፊት ስም ይወጣለታል።

ከዚያም የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 መጣ። ይህ አዋጅ በጎ ጎን ነበረው፤ የይዞታ ደብተሩ፣ በተለይም የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ከባሏ እኩል ማስገባቱ፣ ብዙ ሴቶችን ከመገፋት አድኗል። ያው አዋጅ ግን ከግብርና ውጪ በሆነ ሥራ የሚተዳደር፣ ወይም ለዓመታት ከቀበሌው ርቆ ደብዛው የጠፋ፣ ወይም መሬቱን ጦም ያሳደረ ሰው የመሬት መብቱን እንደሚያጣ ደነገገ። ውርስንም ከማረስ ጋር አያያዘው። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ቢተካም መሠረቱ ያው አራሹ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ደብረ ኤልያስ ዛሬ መሬት አልባ ወጣት ሞልቷል፤ የዚያ የአረም ጓደኛዬ ልጆች ከነዚሁ ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጬ ደመወዝ እየበላሁ ማሳ ልያዝ ብል ዓይኔን ማፈር አለበት።

አሁን ወደ አየርላንዳዊው ወዳጄ ልመለስ። በአየርላንድ ታሪክ ከሁሉ የተጠላው ሰው ለንደን እየኖረ ኪራይ የሚላክለት ባለ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ እየበሰበሰ ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ እንኳ ኪራዩ አልቆመም ነበር። ያ ቁጣ ነው በኋላ ተከታታይ የመሬት ሕጎችን የወለደው። በ1903 የወጣው ሕግ መንግሥት ለጭሰኛው ብድር ሰጥቶ መሬቱን ከጌታው እንዲገዛ፣ ብድሩንም ከስልሳ ዓመት በላይ ቀስ እያለ እንዲከፍል አደረገ። የወዳጄ ቅድመ አያት ማሳቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ልብ በሉ፤ እነርሱም እንደ እኛ የራቀውን ጌታ ነቅለውታል። የራቀውን ልጅ ግን አልነቀሉትም። የኋላ ኋላ ልጆቹ ወደ ደብሊንና ለንደን ሲበተኑ ማሳው ለሚያርሰው ጎረቤት ተሸጠ፤ ቤቷና ግቢዋ በስማቸው ቀረች። እኛ ዘንድ ሕጉ ከርቀት የሚበዘብዘውን ባለ መሬትና ከርቀት የሚናፍቀውን ልጅ የሚለይበት ዓይን አልተፈጠረለትም። በከተማ ቤት ቆጠረ፤ በገጠር አራሽ ቆጠረ፤ ሁለቱም ቆጠራዎች ያለፉት በአንድ ዓይነት ሰው ላይ ነው።

በእኔ እምነት ማሳው ለሚያርሰው መሆን አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ስለ ጎጆዋ፣ ስለ ጓሮዋና አባቶች ስለተከሏት የዋንዛ ዛፍ ነው። አንድ ሰው በተወለደበት መንደር አርሶ ባይበላም ማደሪያ ይኑረው ማለት ፊውዳልነት ነው ወይ?

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ያለው ወገናችን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ (ቢጫ ካርድ በምንለው) ከተማ ውስጥ ቤት እንዲኖረው ተፈቅዶለታል፤ በገና መጥቶ ይከፍተዋል፣ ሲሄድ ለዘበኛ ይተወዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚይዙበትን አዋጅ አጽድቋል። መንግሥትም በገበታ ለሀገር ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን የዕረፍት ስፍራ አድርጎ ሠርቷል። ጥሩ ነው፤ ይሠራ። ነገር ግን የሐይቁ ዳር ክፍል የአንድ ሌሊት ዋጋ ከመምህር ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ እንደገና የጥቂቶች ሆኖ ይታየኛል። የተማረው የደብረ ኤልያስ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ይመዘገባል፤ ለዕረፍት የሚሄድበት ሲጠፋ ቴሌቪዥን ያያል።

አያቴ ከሞቱ በኋላ በቤቱ የቀረችው አክስቴ ናት። የይዞታ ደብተሩ በእርሷ ስም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ጦርነት ምክንያት መንገዱ እንደ ቀድሞው አልሆነልንም። ደብረ ኤልያስም በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ውጊያ ደርሶባት ነበር። ልጆቼ ቤቱን የሚያውቁት በፎቶግራፍ ነው። ትልቁ ልጄ ጎጃም ማለት ዘይት የሚመስል ማር የሚላክበት አገር መሆኑን ያውቃል፤ በቆርቆሮ ላይ የሚጮኸውን ዝናብ ግን አያውቀውም።

እኔና እኅቶቼ ስለ ቤቱ ሦስት ጊዜ ተሰብስበናል። አንዷ ለአክስታችን የልጅ ልጅ ትሰጥ ትላለች፤ እርሱ ያርሳል፣ እርሱ ይገባዋል፣ እኛ ማን ሆነን? ሌላዋ አባታችን የተወለደበትን መደብ ለማንም አልሰጥም ብላ ታለቅሳለች። እኔ የታሪክ መምህሩ ስለ ርስትና ስለ አዋጅ ረጅም ማብራሪያ እሰጣለሁ፤ ሻይው ይቀዘቅዛል፤ ሳንወስን እንለያያለን። ሁለቱም እኅቶቼ እውነት አላቸው።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ኔትወርኩ በሠራባት አንዲት ማለዳ፣ አክስቴ ደወለችልኝ። የምሥራቁ በኩል ቆርቆሮ ነፋስ ገልቦታል፤ ክረምት ሳይገባ ሚስማር መመታት አለበት። ገንዘቡን እንደምልክ ነግሬያት ስለ ጤናዋ ስጠይቃት ነገሩን በመሐል ጣል አደረገችው። «ሰዎች መጥተው ቤቱን ሲመዘግቡ የማን ነው አሉኝ፣ የኔ ጌታ።»

«አንቱስ ምን አሉ?» አልኋት።

«የልጆቹ ነው አልኋቸው። የት ናቸው ቢሉኝ፣ ይመጣሉ አልኋቸው።» ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ሚስማሩ ባለ ጎማው ይሁን፤ ያለ ጎማው ውሃ ያስገባል» አለችኝ።